አንቺ ሳትታዪ እኔ አልታይም

ሞላሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአማከለች ልጅ፣ ለእስከዳር፤

የባሕር ማዶው ብርድ እንዳይጎዳሽ፣ የሰው አገር ሰው ፊት እንዳይነሳሽ ለእመቤቴ ጠዋት ማታ እነግራታለሁ። እኛ ክብር ለስሙ ይሁንና ሁላችንም አለን። ገብሱ ዘንድሮ አመዳይ ሳይመታው እሸት ደርሷል። አንዷ በግ መንታ ወለደች፤ አጎትሽ በኃይሉ ራሱ ያማጠ ይመስል በየሄደበት ይህንኑ ነው የሚያወራው። ልጄ ምስክር መንገድ ሥራ ላይ እንደሄደ ነው፣ ሚስቱ ገሊላ ከእኛው ጋር ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አፏ ብቻ ነው የማያርፈው።

ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳታዝኚብኝ አንድ ነገር ልንገርሽ። የመገበሪያውን ወፍጮ ለአዛለች ሰጠኋት። ለቅዳሴ የሚሆነውን ስንዴ መፍጨት የወር አበባዋን የጨረሰች ሴት ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወግ ደርሶኝ ከተረከብሁት ወዲህ አንድ ሰንበት አጓድዬ አላውቅም። አሁን ትከሻዬ እምቢ አለኝ። አዛለች ዱቄቱን ታሻክረዋለች እያሉ ዲያቆናቱ ያጉረመርማሉ አሉ። ይልመዱት እንግዲህ።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ጥቁር ቀሚስ ላኪልኝ። ወፈር ያለ ይሁን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪኝ። ስልኩ የበኃይሉ ነው። ኔትወርክ ያለውም ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ጉብታው ላይ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚያወራ ሰው ለአገሩ ሁሉ ነው የሚያወራው። ደብዳቤ ግን በገበያ ቀን ከኮከብ ሱቅ ራሴ እወስዳለሁ፣ ማንም አይከፍትብኝም። መሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝን ልጅ ባለችበት ይባርካት።

አክስትሽ ጌታነሽ


ጄኖቫ፣ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፤

ከእግርዎ ወድቄ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ጋሼ በኃይሉን በመንታዎቹ እንኳን ደስ አለዎት ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የማስታምማት አሮጊትም፣ ሲኞራ የምላት፣ እንዳለች ናት። ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ሾርባውን ራሴ ካልጠጣሁ ብላ ግማሹን ደረቷ ላይ ታፈሰዋለች፣ ከዚያ እኔን ትቆጣለች። ተዋደናል መሰለኝ።

ቀሚሱን ወደ አገር ቤት ለምትሄድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ኮከብ ሱቅ ታደርስልኛለች። ግን ጥቁር ሲሉኝ ደነገጥኩ። ማን ሞቶብን ነው? እርስዎን ከነጭ በቀር ለብሰው አይቼዎት አላውቅም። የደበቃችሁኝ ሰው ካለ ይንገሩኝ፣ የሰው አገር ተቀምጬ በግምት አታስለቅሱኝ።

ትከሻዎስ ምን ሆኖ ነው? ባለፈው ክረምት ስመጣ ኩንታሉን ከገሊላ ጋር አንሥተው አይቻለሁ። ጤና ጣቢያ ይታዩት። ሌላም የሚያምዎ ነገር ካለ አይደብቁኝ።

የእህትዎ ልጅ እስከዳር


ሞላሌ፣ ጥር 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣ የወጣሽበት በር ተመልሰሽ የምትገቢበት ያድርግልሽ፤

ቀሚሱ ደርሶኛል። ኮከብ ከከረጢቱ ስታወጣው ገበያተኛው ሁሉ ዓይኑን ተከለበት። ማንም አልሞተብን፣ አታሟርቺ። ጥቁር ጭስ አያሳይም፣ አመድ አያሳይም፣ ሌላ ነገር የለውም።

የጥምቀት ለት ታቦቱ ሲወርድ ከደጄ ሆኜ እልል አልሁ እንጂ ወደ ባሕሩ አልወረድሁም። ገሊላ ምነው ብትለኝ እግሬን አልኋት። ባለፈው ትከሻዬን አላሉም ወይ አለችኝ። ሕመሙ ተራ እየገባ ነው ብዬ አፏን አስያዝኋት።

አሁን የምልሽን ሳትስቂ ስሚኝ። ሽቶ ላኪልኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ የምልሽ። አንቺ ኮረዳ ሆነሽ የከተማ ሽቶ ተቀብተሽ ስትመጪ ቤቱን ምን ነካው ብዬ በሩን ወለል አድርጌ የከፈትሁት እኔው ነኝ። በእርጅናዬ አማረኝ ምን ታደርጊኛለሽ። ቶሎ የማይጠፋውን፣ ጠንከር ያለውን ፈልጊልኝ። ለኮከብ ስትልኪ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዪው፣ ምንነቱ አይታወቅ።

በኃይሉ ሰላም ብሎሻል። ከመንታዎቹ አንዱ ሞተበት፣ ሰሞኑን አኩርፏል።

አክስትሽ ጌታነሽ


ጄኖቫ፣ የካቲት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስጨርስዎ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ከንቀት አይደለም፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሲኞራን ሳበላ ማንኪያውን በእጄ ይዤ እፈዛለሁ፤ በጣሊያንኛ ሰደበችኝ። ወጥቼ ወደብ ለወደብ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

ሽቶውን አልላክሁም። እናቴ በመጨረሻው ዓመቷ ሽቶ ትጠይቀኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ገዝቼ ሳመጣላት የሕመሙን ሽታ እንዲሸፍንላት አልጋዋ ላይ ትረጨው ነበር፣ በሩን ደግሞ አስዘግታ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ምች ነው፣ መጋኛ ነው ይል ነበር። እርስዎ ወፍጮውን ለሌላ ሰጡ። ጥቁር ቀሚስ ፈለጉ። ከጥምቀት ቀሩ። አሁን ደግሞ ሽቶ።

እትዬ፣ ደም ይታይዎታል? ልጅ ሆኜ አይደለም የምጠይቅዎ፣ ሴት ሆኜ ነው።

የሲኞራ ልጅ ነርስ ናት፣ ስምዎን ሳልጠራ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። የማህፀን በር ካንሰር የሚባል አለ። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚሉት ቫይረስ ነው፤ በወንድና በሴት ግንኙነት ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል አለችኝ፣ ብዙውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያባርረዋል። አንዳንዷ ላይ ግን ይቀራል። ዓመታት ሙሉ ምንም ሳያሳምማት ከማህፀኗ በር ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ያበላሸዋል። ሳያምማት ከታየች በቀላሉ ይነሣላታል። ሲያምማት፣ ደም ሲመጣ ግን ነገሩ ገፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው እዚህ ሴቶች ደህና ሳሉ በየጊዜው የሚመረመሩት። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ደግሞ አንድ ጠብታም ቢሆን ለሐኪም ሳይታይ አይታለፍም ብላኛለች።

ደብረ ብርሃን ምርመራው አለ። እባክዎን ይሂዱ። ማንም ምንም እንዳይል ለእኔ ዕቃ ሊልኩ ነው ይበሉ።

እስከዳር


ሞላሌ፣ ግንቦት 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእስከዳር፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ በመጋቢት ደርሶኛል። ጾም ነው ብዬ አቆየሁት፣ ከፋሲካም በኋላ አቆየሁት። ተናድጄ ነው፣ ምን እደብቅሻለሁ።

እኔ በቁርባን ያገባሁ ሴት ነኝ። ከበኃይሉ በቀር ወንድ አላውቅም። በኃይሉንም ቢሆን ከበግ በቀር ተከትሎት የመጣ አላየሁም። አሁን አንቺ ከጣሊያን ሆነሽ ከወንድና ከሴት የሚመጣ በሽታ ብለሽ ስትጽፊልኝ ወረቀቱን እሳት ልጨምረው ተነሣሁ። ከዚያ ተመልሼ አነበብሁት። አብዛኛው ሰው ያገኘዋል የሚለው ላይ ስደርስ ቁጣዬ በረድ አለ። ብዙ ሰው ያለበት ነገር ምን ያሳፍራል አልሁ፤ ያሳፍራል እንጂ፣ ግን በረደልኝ።

ደም አለ። አምና በሁዳዴ ጀመረኝ። ካረጥሁ ቆይቻለሁና የሴት ልማዴ ተመለሰብኝ ብዬ አሰብሁ። እና ምን አደርጋለሁ፣ ደም ያላት ሴት እንደምታደርገው ከቅጽሩ ውጭ ቆምሁ፣ ኋላም ወፍጮውን ጨርሼ ተውሁት። እንዲህ ሆኜ የመገበሪያ ስንዴ ልነካ ነው? ሲቆምልኝ ሰባት ቀኔን ቆይቼ፣ ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ልገባ ስነሣ ተመልሶ ይመጣል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስገባና ስወጣ፣ ይልቁንም ሳልገባ፣ አለሁ። ይህን ነገር ሕመም ብዬ አላሰብሁትም። ሳልነጻ ፈጭቼ ይሆን፣ በምን በደልሁ እያልሁ ነበር ስቃጠል የከረምሁት።

ለበኃይሉ አልነገርሁትም። ከመኝታው የተለየሁት ለጸሎት ይመስለዋል። ሚስቴ በስተርጅና ልትመንንብኝ ነው እያለ ለጎረቤት ይኮራብኛል።

ለሐኪም ተጋልጦ መተኛት ለእኔ ቀላል አይደለም። አንቺ ቀላል አድርገሽ ጻፍሽው። እንግዲያው እኔም ልጠይቅሽ። ስለ ጣሊያን ሴቶች ሁሉ ጽፈሽልኛል፣ ስለ ራስሽ ግን አንድ ቃል የለም። አንቺ የአማከለች ልጅ ነሽ። ዕድሜሽም ሠላሳ አምስት አልፏል። ታይተሻል?

ጌታነሽ


ጄኖቫ፣ ሰኔ 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ነገሩኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሲኞራ ፊት አለቀስኩ፤ እሷም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

እትዬ፣ ይህ የወር አበባ አይደለም። በደልም አይደለም፣ ማንም አልቀጣዎትም። ሕመም ነው። ለአባ መልከ ጼዴቅ ይንገሯቸው፣ የንስሐ አባትዎ አይደሉ? እሳቸው ሂጂ ካሉዎት ጋሼ በኃይሉም አይቃወሙም። ምርመራው እንደፈሩት አይደለም። የምታይዎት ሴት ነርስ ናት፣ መጋረጃ ተጋርዶ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቁስሉ ገና ትንሽ ከሆነ እዚያው ያክሙታል። ከዚያ ካለፈ አዲስ አበባ ይልኩዎታል፣ እዚያም ሕክምና አለ። አንድ ቀን በቆዩ ቁጥር ግን ይብሳል። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይበላሽ ይሂዱልኝ። ገሊላን ይዘው ይሂዱ፣ እሷም ትታይ፤ ልጅ ወልዳለች፣ ዕድሜዋም ደርሷል።

ስለ እኔ አያስቡ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ።

እስከዳር


ሞላሌ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእስከዳር፤

ጾመ ፍልሰታው ገብቷልና እመቤቴ ልብሽን ትክፈትልኝ።

የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም። ስለ መጋረጃው ጻፍሽ፣ ስለ ነርሷ ጻፍሽ፣ የገሊላን ዕድሜ ሳይቀር አሰላሽ። ስለ እኔ አያስቡ አልሽኝ። እናትሽም እኮ ይህንኑ ነበር የምትለኝ፤ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ እግሯን ሳሽላት፣ ስለ እኔ አታስቢ ትለኝ ነበር። ሞኝ አድርገሽ አትይኝ። አልታየሽም።

ገሊላ ልብሴን ልታጥብ አንሥታ አወቀችብኝ። ያን ለት አፏ ዝም አለ፣ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ነገ እንሂድ ትለኛለች፤ ጠዋት ጫማዬን አውጥታ በሩ ላይ ታስቀምጣለች። አልሄድም አልኋት። ምክንያቱን ለአንቺ ልንገርሽ።

በአማከለች መቃብር ምያለሁ። አንቺ ሳትታዪ እኔ አልታይም። ለመንሽኝም፣ አለቀስሽም፣ በአባ መልከ ጼዴቅ አስገዘትሽኝም፣ አልሄድም። ታይቻለሁ ብለሽ በእጅሽ ጻፊልኝ፣ የተነገረሽንም ሳትቀንሺ ጻፊልኝ፣ በነጋታው ከአውቶቡሱ ላይ ታገኚኛለሽ። እንዳትዋሺኝ። በውሸትሽ ብሄድ መሐላውን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ።

ዝናቡ በርትቶብናል። የማሳው ድንበር ተንዶ በኃይሉ ከጭቃው ጋር ሲታገል ይውላል።

ጌታነሽ


ጄኖቫ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፤

መጀመሪያ ደብዳቤዎን ሳነብ ተቆጣሁ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ይህ ክፋት ነው አልኩ። የታመመ ሰው እንዴት በነፍሱ ይደራደራል ብዬ ሲኞራ ላይ በር ወረወርኩባት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በነገሩ ስናጥ ሰነበትኩ። ልሂድ ብዬ ልብሴን እለብሳለሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ ሲኞራ ትጠራኛለች፤ ባትጠራኝም የጠራችኝ ይመስለኝና እመለሳለሁ።

እዚህ አገር ሴቱን ሁሉ በየተራ ለምርመራ ይጠሩታል። እኔን ሁለት ጊዜ ጠርተውኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀረሁ። ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም። እናቴን አውቃታለሁ፣ ሽታውን አውቀዋለሁ፣ እኔም እንዲህ ብሆንስ እያልኩ ነው የኖርኩት። ካላየሁት የለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለእርስዎ ሳያምዎ ይታዩ እያልኩ የምሰብከው እኔ ነበርኩ።

በመስከረም መጀመሪያ ሄድኩ። የመረመረችኝ ሐኪም እንደ ገሊላ ወሬኛ ናት፤ ስለ ባሏ ምግብ አሠራር ስታወራልኝ አልቆ አገኘሁት። ከሳምንታት በኋላ ጠሩኝ። ቫይረሱ አለብሽ አሉኝ። ቀጥለው በመሣሪያ አይተው ከማህፀኔ በር ላይ ትንሽ ቆርጠው መረመሩት። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፦ "ካንሰር አልሆነም። ግን ወደዚያው እየሄደ ነበር። ሌላ አምስት ስድስት ዓመት ብትቀሪ ምናልባት ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ።"

የተበላሸውን ቦታ ባለፈው ሳምንት አነሡልኝ። ማደንዘዣ ወግተውኝ ነው፣ አላመመኝም፤ በዚያው ቀን በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዓመት በኋላ ተመልሰሽ ትታያለሽ ብለውኛል፣ ከዚያም በየጊዜው።

ያሉኝን ሳልቀንስ ጽፌያለሁ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው እትዬ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ማግስት ይሂዱ።

እስከዳር


ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፤

ክብርና ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁን። ደብዳቤሽን ኮከብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብሁት። ካንሰር አልሆነም የሚለው ጋ ስደርስ እልል አልሁ። ኮከብ ደነገጠች፣ ገበያተኛው ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት ከበበኝ።

መሐላዬን ጠብቄያለሁ። አስቀድሜ ግን ለአባ መልከ ጼዴቅ ሄጄ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ያዙ። ዓመት ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ ስትቆሚ አይቼሻለሁ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "በሽታ ሌላ ነው፣ የሴት ልማድ ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ሂጂ። ስትመለሺ ትቆርቢያለሽ።" እጃቸውን ስሜ ስወጣ እግሬ ቀለለኝ።

በኃይሉን መንገር ከሁሉም ከበደኝ። እሱ ደግሞ ሰምቶኝ ወጣና በጎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ተመለሰ። ለጸሎት መስሎኝ ነበር እኮ አለኝ። እሱን በግ ሲሞትበት እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም፣ ያን ለት አየሁት።

ሦስታችን ደብረ ብርሃን ሄድን። በኃይሉ ከሴቶቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ወንዶች ውጭ ይቆያሉ ቢሉት እኔ ወንድ አይደለሁም፣ ባሏ ነኝ አለ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ እማማ እያለች ነው የምታናግረኝ። አቼቶ ነው የሚቀባው፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ፤ የተበላሸ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል አለችን።

ገሊላ የመጣችው የእኔን ነጠላ ልትይዝ ነበር። እኔ ምንም አያመኝም ብላ ስትከራከር ነርሷ እኮ የሚታየው ሳያም ነው ብላ አስተኛቻት። ነጩ ታየባት። እዚያው በብርድ የሚያደርቅ መሣሪያ አላቸው፣ አደረቁላት። ከዓመት በኋላ ተመለሺ ተብላ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ብርቱካን እየላጠች ስትበላ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ምን እንዳመለጠች እያየሁ አልጠግባት አልሁ።

በእኔ ግን አቼቶውንም አልቀባችው። አይታ ሐኪም ጠራች። ትንሽ ሥጋ ወስደው አዲስ አበባ ሂጂ ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ከገና በኋላ እንሄዳለን፤ የበኃይሉ የአጎት ልጅ ዘንድ እናርፋለን።

ጌታነሽ


ጄኖቫ፣ ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ጌታነሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። ከዚህ በላይ የሚሆን ሰላምታ አልመጣልኝም።

ግንቦት ላይ ታይተሻል ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜውኑ ሄጄ ቢሆን እርስዎ ከክረምቱ በፊት ታይተው ነበር። እኔ በፍርሃቴ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አስቀመጥኩዎ። ሲኞራን ሳጥብ፣ ገበያ ስሄድ፣ ስተኛ፣ የማስበው ይህንን ብቻ ነው። ጊዜዎን የበላሁት እኔ ነኝ። እኔ ተርፌ እርስዎ ባይተርፉ በምን ፊቴ እኖራለሁ? የአውሮፕላን ትኬት እየጠየቅሁ ነው፣ እመጣለሁ። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ ብቻ ዝም አይበሉኝ።

እስከዳር


አዲስ አበባ፣ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ከዛሬ ወዲያ ለራሴም ልጅ፣ ለእስከዳር፤

በጤና ያቆይሽ፤ ይህን ያህል ነው ምርቃቴ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

የምጽፍልሽ ከጨረር ሕክምናው ደጅ፣ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ቁርጡን ልንገርሽ። በኦፕራሲዮን የሚወጣበት ጊዜ አልፏል አሉኝ። ጨረሩ ደሙን ይቀንሰዋል፣ ሕመሙን ያስታግሠዋል፣ ዕድሜም ሊጨምርልሽ ይችላል አለኝ ሐኪሙ። ስንት ብዬ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልዋሸኝም። ደሙ ከወዲሁ ቀንሶልኛል። ከመምጣቴ በፊት ቆርቤያለሁ። በማኅበራችን ለሴቶቹ ሁሉንም ነገር በአፌ ነገርኋቸው፤ ካረጣችሁ በኋላ ደም ያያችሁ እንዳትደብቁ፣ ደህና ነን የምትሉም ታዩ አልኋቸው። አዛለች ሳይቀር ሄዳ ታየች፣ ምንም የለባትም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ጊዜዎን በላሁ ትያለሽ። አልበላሽም። ሐኪሙ ይህ ነገር ሥር ሰድዶ የቆየ ነው፣ ደሙን ካየሽበት ከዚያ ሁዳዴም ይቀድማል አለኝ። እኔም እሱ ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ልማዴ መስሎኝ ነበር፣ ያ እውነት ነው። ሽታው የመጣ ለት ግን አወቅሁት፣ አንቺን ደብቄሽ ነው እንጂ። እናትሽን ያጠብኋት እኮ እኔ ነኝ። ሽቶ ላኪልኝ ያልሁሽ ዓይኔን ገልጬ ነው።

ታዲያ አንቺ ስትለምኚኝ፣ ይቺ ልጅስ አልሁ። ሳልጠይቅሽ ሁሉን ትጽፊልኛለሽ፣ ስጠይቅሽ ትሸሺያለሽ። ታዪ ብዬ ብለምንሽ አትሄጂም፤ የእናትሽን አመል ወርሰሻል፣ ስለ ራስሽ ብለሽ ከበር አትወጪም። ለእኔ ስትዪ ግን እሳት ትገቢያለሽ። ስለዚህ ማልሁብሽ። ገሊላ በሩ ላይ ጫማዬን ስታስቀምጥ ልቤ እየሄደ እግሬን የያዝሁት ለዚሁ ነው። እኔን ልታድኚ ስትሮጪ አንቺ እንድትድኚ ብዬ ነው፣ ሆኖልኛል። ይህን እያወቅሽ አንድ ቀን እንኳ በእኔ ብታለቅሺ እቀየምሻለሁ።

ወዲህ አትምጪ፣ ሲኞራሽን አትጣያት። ስሜን እየጠሩኝ ነው፤ በኃይሉ ነጠላዬን ይዞ ቆሟል። የዓመቱ ቀጠሮሽ ሲደርስ፣ እኔ ብኖርም ባልኖርም፣ ሂጂ።

አክስትሽ ጌታነሽ